ጋሽ ምናልባት እና የእናቴ በር

ጋሽ ምናልባትን በቅጡ አላውቃቸውም። እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ቤት ሆነን ዓመታት ኖረናል። ይሁን እንጂ የት እንደተወለዱ፣ አግብተው እንደሆነ፣ ዘመድ ይኑራቸው አይኑራቸው ጠይቄያቸው አላውቅም። ሰውን ስለ ራሱ ስጠይቅ እጄን ኪሱ የከተትኩ ያህል ይሰማኛል። ስማቸውም ቢሆን የማውቀው ሕንፃው ያወጣላቸውን ብቻ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ ሁላችንም «ጋሽ ምናልባት» ነው የምንላቸው። ታዲያ የማታውቀውን ሰው ምን ብለህ ትጽፋለህ ብትሉኝ፣ ሰውየውን ባላውቃቸውም ዓይነታቸውን አሳምሬ አውቃለሁ። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ክፉ ሠርቶ ተዘልሎ የሚተኛ ሰው በየሰፈሩ ሞልቷል። ደግ ሠርቶ እፎይ ብሎ የሚተኛም አይጠፋም። ሦስተኛው ዓይነት ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚታደለው፤ እሱም ደግ ሠርቶ እንቅልፍ የሚያጣው ነው። በር ይዞ ያሳልፋችሁና «አስሮጥኳቸው ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል ይውላል። የታመመ ጠይቆ ሲወጣ፣ ብዙ ቆይቶ በሽተኛውን አድክሞት እንደሆነ ወይም ቶሎ ወጥቶ አስከፍቶት እንደሆነ ለማጣራት ተመልሶ ይገባል፤ በዚህም በእርግጥ ያደክመዋል። የዚህ ማኅበር መሥራች፣ ሊቀ መንበርና እስከማውቀው ድረስ ብቸኛው አባል ክቡር ጋሽ ምናልባት ናቸው።

ክቡርነታቸው ቁልፍ ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው ከደረጃው ጎን ያለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራባት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ገና ጥርስ ያላወጡ መክፈቻዎች ከላይ እስከ ታች ተንጠልጥለዋል። መቅረጫ ማሽናቸው ሲጮህ እኔ መስኮት ድረስ ይሰማል፤ ብናኙ ቅንድባቸው ላይ ይሰፍርና ሽበታቸውን ወርቅ ያስመስለዋል።

አሠራራቸው እንደ ሌላው ቁልፍ ሠሪ አይደለም። መክፈቻ ጠፍቶበት ደጅ የቀረ ሰው ሲጠራቸው መጀመሪያ ጎረቤት ጠርተው ቤቱ የሰውየው መሆኑን ያስመሰክራሉ። ከዚያ ተንበርክከው ይከፍታሉ። ቁልፉ ቀጭ ሲል ግን በሩን አይገፉትም። ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዙረው «ይግቡ፤ እኔ አላየሁም» ይላሉ። የሰው ቤት ውስጡን ማየት በእሳቸው ሙያ ነውር ነው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በታደልን። በማግሥቱ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ያንኑ በር ያንኳኳሉ።

«ትናንት የከፈትኩልህ ነገር… ጥሩ አደረግሁ ትላለህ?»

አራተኛ ፎቅ የሚኖረውን ሹፌር ሚስቱ ተቆጥታ በሩን ቆልፋበት እህቷ ጋ የሄደች ጊዜ፣ ጋሽ ምናልባት አስመስክረው ከፈቱለት። በማግሥቱ ሚስትየው ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠብቀው ይቅርታ ጠየቋት። ቤቱ የእሱም ስለሆነ እንደከፈቱለት፣ ነገር ግን ቁጣዋን ከንቱ ሳያደርጉባት እንዳልቀሩና ይኸው እንዳሳሰባቸው ነገሯት። ባልና ሚስት ከተኳረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት ያን ቀን ነው፤ ሰውየው ጤነኛ እንዳልሆኑ ተስማሙ። በዚያው ታረቁ። ክቡርነታቸው ግን ጉዳዩን እስከ ዛሬ አልዘጉትም። እኔን በማማት ከታረቁ እርቅ ነው ወይስ ሐሜት፣ እያሉ ይጠይቃሉ።

የአውቶቡሱንም ሰምታችሁ ይሆናል። አንድ ቀን ለአንዲት ሴት ብድግ ብለው መቀመጫቸውን ለቀቁላት። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና «ምነው፣ አሮጊት መሰልኩዎት?» አለቻቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሕንፃውን ሲያማክሩ ከረሙ። ከዚያ መላ አገኙ። አሁን የቆመ ሰው ሲያዩ አይነሡለትም፤ መውረጃቸው የደረሰ መስለው ያልደረሱበት ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ። መቀመጫው ማንንም ሳያስከፋ ባዶ ይሆናል፣ እሳቸው ቀሪውን መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ። መንገድ ላይም አንድ ሐሳብ ይከተላቸዋል፤ ቦታውን የያዘው ያሰቡለት ሰው ይሁን ወይስ አንዱ ጉልቤ፣ በምን ያውቃሉ?

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል ሴት ናት፤ ይህን በሽታ ላድን ብላ ብዙ ደክማለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቀድታላቸው፣ እኔም የተተለተለ ኮቴን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ እሳቸው ደግ ሰው እንደሆኑ፣ ይህንንም ሕንፃው ሁሉ እንደሚያውቅ ነግራ፣ ታዲያ ቢያርፉ ምን እንደሚሆኑ ጠየቀቻቸው። ጋሽ ምናልባት ስድብ የሰሙ ይመስል ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«ደግ አትበይኝ። ደግ ሰው ሲሰጥ አያስብም፤ እጁ ይቀድመዋል። እኔ ወጥቼ ወርጄ፣ ተጨንቄ ነው።»

«እሺ፣ ጥሩ ሰው ልበልዎት?»

«ጥሩማ ለመቀስሽም ትያለሽ። ጥሩ መቀስ የሚቆርጥ ነው። ጥሩ መክፈቻ እሺ የሚል ነው፤ ጥሩ ጓጉንቸር ደግሞ እምቢ የሚል ነው። ሁለቱም ከእኔ እጅ ነው የሚወጡት። ጥሩ ሰው የቱ ነው? እሺ የሚለው ነው እምቢ የሚለው?»

«ጥሩ ሰው ሻዩን ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣ ነው» አለቻቸውና ብርጭቆውን ወደ እሳቸው ገፋችው።

እኔም በበኩሌ ልረዳቸው ሞክሬ አበላሽቻለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት አራሚ ስለሆንኩ ግን የሚገባኝንም የማይገባኝንም ለፊደል ግድፈት ስል አነባለሁ። አንድ ጊዜ ስለ ደግነት ምንነት የሚያወራ የፍልስፍና መጽሐፍ ለእርማት መጣ። አንዱ ሊቅ የሥራ ደግነቱ በሠሪው ሐሳብ ነው፣ ልብህን መርምር ይላል። ሌላው ልብህን ለራስህ ያዘው፣ ማን ተጠቀመ ማን ተጎዳ ብለህ ውጤቱን ቁጠር ይላል። ሦስተኛው ደግነት እንደ ሙያ በልምድ የሚገኝ ነው ባይ ነው። ሰውየው እፎይ ይሉ መስሎኝ ሁሉንም ደረጃ ላይ ነገርኳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስጨንቃቸው ውጤቱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በውጤቱ ላይ ሐሳባቸውንም መመርመር ጀመሩ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በሬን አንኳክተው፣ ደግነት ከተለመደ በኋላ ደግነት ነው ወይስ አመል ብቻ ብለው ጠየቁኝ። በአንድ በሽታ ላይ ሁለት ጨምሬ ሰደድኳቸው።

ይህን ሁሉ የማየው እየሳቅሁ ነበር፣ ነገሩ እኔ በር ላይ እስኪመጣ ድረስ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው፤ ገመድ ነቅላ ገመድ እየሰካች የሰውን ድምፅ ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጡረታ መውጣቷን ረሳችው። ጠዋት ተነሥታ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ቦርሳዋን ታንጠለጥላለች፣ ተረኛዋ እየጠበቀችኝ ነው ብላ ወደ በሩ ትሄዳለች። ብታናግሯት «አንድ ጊዜ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» ትላችኋለች። ከማን ጋር እንደሆነ ግን አይታወቅም።

አንድ ቀን እኔ ሥራ ቦታ እያለሁ ወጣች። በጋሽ ምናልባት ሱቅ በኩል ስታልፍ እሳቸው ወዴት እንደሆነ ጠየቋት፤ ሥራ አለቻቸው። ሥራ የሚሄድን ሰው ማስቆም ነውር መስሏቸው ኮፍያቸውን አንሥተው አሳለፏት። ካሳለፏት በኋላ እንደ ልማዳቸው ጭንቀት ያዛቸው። በሕይወቴ የሰው ጭንቀት ስባርክ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሱቃቸውን ሳይዘጉ፣ ሽርጣቸውን ሳያወልቁ፣ ከኋላዋ ተከተሉ። አደባባዩ መሐል ደረሱባት። መዳፏን ለመኪኖቹ ዘርግታ፣ መስመሩ እንደተያዘ እየነገረቻቸው ነበር። አንድ የጭነት መኪና ፍሬኑ እየጮኸ ጥቂት ሲቀረው ቆመ።

እጇን ይዘው አመጧት። ማታ እንደገባሁ መጥተው ነገሩኝና ሁለት ነገር ጠየቁኝ፤ በመጀመሪያ ማሳለፋቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ያለፈቃዷ እሷን መመለሳቸው ጥሩ እንደነበረ። እኔ ግን ወደ እናቴ ሄጄ እጅ እግሯን እየዳበስኩ ነበር።

እህቴ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። በስልክ ስነግራት አለቀሰችና፣ ከመኪና ጎማ የተቆለፈ በር ይሻላል፣ ነገ ዛሬ ሳትል ቆልፍባት አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሰው ከውስጥ አድርጎ መቆለፍ ለጠላትም አይደረግ አለች፤ እሳት ቢነሣስ፣ ወድቃ ብትጠራስ? ቀን ቀን አብሯት የሚውል ሰው አፈላለግሁ፣ አላገኘሁም። ሥራዬን ልተወው ብል በምን ልንኖር ነው? አራሚ ነኝ፤ ያለቦታዋ የገባች አንዲት ነጥብ ከሩቅ ትታየኛለች። በዚህ ጉዳይ ግን ስህተቱ የትኛው ወገን እንዳለ ማየት አቃተኝ። ለመቆለፍ ፈራሁ፣ ላለመቆለፍም ፈራሁ። በመጨረሻ መኪናው ይበልጥ አስፈራኝና ወደ ምድር ቤት ወረድኩ።

ጋሽ ምናልባት የምፈልገውን ሲሰሙ ማሽናቸውን አጠፉ።

«ከውስጥ የማይከፈት?»

«አዎ።»

«ሰው እያለበት?»

አዎ አልኩ፣ ጫማዬን እያየሁ። ማታ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው መጡ።

በሩን በእጃቸው ዳበሱ፣ ለኩ፣ መሰርሰሪያቸውን አወጡ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ። እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ቀርበው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እትዬ፣ እዚህ በር ላይ ቁልፍ ልገጥም ነው። ከውስጥ አይከፈትም። ይፈቅዳሉ?»

ከኋላዋ ሆኜ በእጄም በዓይኔም ተዉ አልኳቸው። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸውና በዚያ በድሮው፣ በለሰለሰ የሥራ ድምጿ «አንድ ጊዜ ይጠብቁ፣ አገናኝዎታለሁ» አለች። ጣቶቿ የጠረጴዛውን ልብስ እየቆነጠጡ ገመድ ነቅለው ገመድ ሰኩ። ጋሽ ምናልባት መሰርሰሪያውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁ። የምር ጠበቁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቴ «አዝናለሁ፤ መስመሩ ተይዟል፣ ነገ ይደውሉ» አለች።

ሰውየው መሣሪያቸውን ወደ ሳጥኑ መለሱ። ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው ወጥቼ፣ ቁጣዬን ለመዋጥ እየታገልኩ፣ እናቴ የምትናገረውን እንደማታውቅ ነገርኳቸው።

«ምናልባት» አሉ። «በሩ ግን የእሳቸውም ነው።»

በማግሥቱ ከሥራ ቀረሁ። ጋሽ ምናልባት ማታ መጥተው እንደገና ጠየቁ፤ መስመሩ አሁንም ተይዟል። በሦስተኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ደውሎ፣ ገጾቹ ራሳቸውን ማረም ጀምረው እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ በመስኮትና በበር መካከል ስመላለስ ዋልኩ። እናቴ ሁለት ጊዜ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ በሩ መጣች፤ ሁለት ጊዜ ዛሬ ዕረፍት ነሽ ብዬ ዋሸኋት። ሰውየው ያን ማታም አስፈቅደው ሊሄዱ ከሆነ ሌላ ቁልፍ ሠሪ እንደምጠራ ለራሴ ማልኩ።

መጡ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጠየቁ። የእናቴ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ሲሠሩ ቆዩና ቆሙ።

«ተገናኝተዋል፤ ይናገሩ» አለች።

ሳይደብቁ ነገሯት። ልጇ እሷ እንዳትወጣ በሩን ሊቆልፍ እንደሆነ፣ መኪና ፈርቶላት እንደሆነ፣ እሳቸውም ሳያስፈቅዷት እጃቸው እምቢ እንዳላቸው። እናቴ አዳምጣ ስትጨርስ ፈገግ አለች።

«ልጄማ ገና ነው። እጀታው ላይ አይደርስም» አለች። ከዚያ ለሥራ ባልደረባ እንደሚነገር ሁሉ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔም እኮ ቆልፌበት ነው የምወጣው። ምን ላድርገው? የሚይዝልኝ የለም። ሰው ሳገናኝ፣ በየመስመሩ እሱ የሚያለቅስ ይመስለኛል። ግጠመው ግድ የለም። እንዳይወጣብኝ።»

ፀጉሬ ሸብቶ፣ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እህቴ ታላቄ ናት፤ ያኔ ትምህርት ቤት ትውል ነበር ማለት ነው። እኔ የተቆለፈብኝን አላስታውስም። እናቴ ስንቱን ረስታ የቆለፈችውን አልረሳችም።

ጋሽ ምናልባት ተንበርክከው ሠሩ። በሩን ከፈት ዘጋ አድርገው ሞከሩት፣ ሁለት መክፈቻ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ወረዱ። በማግሥቱ ጠዋት መጥተው አላንኳኩም፤ ምንም አልጠየቁም። ይህም አዲስ ጭንቀት ሆነብኝ። እሳቸው እንኳ ሊጠይቁት የፈሩት ነገር ምን ዓይነት ነገር ነው?

ያን ጠዋት ቁርሷን ሰጠኋት፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ አጥፍቼው እንደሆነ ተመልሼ አየሁ፣ ወጣሁ፣ ቆለፍኩ። የእግሯ ኮቴ ወደ በሩ መጣ። እጀታው ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ። ደረጃውን እንደ ሌባ በጫማዬ ጫፍ ወረድኩ። ሥራ ቦታ ላይ ትክክል የነበሩ ቃላት እያረምኩ አጠፋሁ። አጠገቤ ያለው አራሚ ገጹን ቀምቶኝ ሂድ ወደ ቤትህ ሲለኝ፣ ምክንያት እንኳ ሳልፈጥር ኮቴን ያዝኩ።

የጋሽ ምናልባት ሱቅ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተዘግቷል። ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ወደ ላይ በአገጯ አሳየችኝና፣ እኔ ከወጣሁ ጀምሮ እዚያ እንደሆኑ፣ ደንበኛ ሁሉ መጥቶ እየተመለሰ እንደሆነ ነገረችኝ። የሞረድ ድምፅ ይሰማል። ከሞረዱ መሐል ደግሞ ንግግር ይሰማል፣ በተዘጋ በር በኩል የሚደረግ ንግግር። መታጠፊያው ላይ ቆምኩ።

ከማን ጋር ላገናኝዎት፣ ትላለች እናቴ ከውስጥ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር፣ ይላሉ እሳቸው። በቤት ጉዳይ ተቀያይመን ነው፣ ከተነጋገርን ቆየን፣ እሱ ይሁን እኔ የበደልኩት እስካሁን አልለየሁትም። እናቴ መስመሩ ሩቅ እንደሆነ፣ ትንሽ ቢታገሡ እንደሚገኝ ትነግራቸዋለች። እታገሣለሁ እትዬ፣ ሥራዬን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ይላሉ። ሞረዱ ይቀጥላል። በዓመታት ጉርብትና ያልጠየቅኋቸውን እናቴ በአንድ ጠዋት፣ በተቆለፈ በር በኩል ጠይቃቸዋለች።

ቀሪውን ደረጃ ወጣሁ። በርጩማቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ግማሽ የተሞረደ መክፈቻ አለ። ሲያዩኝ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው መሰሉ። ብታንኳኳ የሚሰማ ሰው እንዲኖር ብዬ ነው አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። መክፈቻ ስለሌላቸው እሳት ቢነሣ በምን ይከፍቱ እንደነበር ሲያስቡ ስለቆዩ፣ የሳጥናቸውን ካቻቪቴዎች ሁሉ ደረጃው ላይ በተርታ ደርድረዋል።

ማመስገን ነበረብኝ፤ አላመሰገንኩም። ከኪሴ ሁለተኛውን መክፈቻ አወጣሁና ዘረጋሁላቸው። አዩት፤ እጃቸውን ግን አልዘረጉም።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «ነገ ስወጣ ልቆልፈው ወይስ ክፍቱን ልተወው?»

ሞረዱ ቆመ። ያ ስለ አንዲት የአውቶቡስ ወንበር ሳምንት ሙሉ ሕንፃውን ሲያማክር የሚከርም ሰው፣ አንድ ቃል ይወጣዋል ብዬ ጠበቅሁ። ምናልባት ቢሉኝ እንኳ እሱን ይዤ አድር ነበር።

«ለእሱ መልስ አልሰጥህም» አሉ።

ካቻቪቴዎቻቸውን ሰበሰቡ። ብናኙን ከጉልበታቸው አራገፉ። እናቴን በበሩ በኩል ደህና ዋሉ ብለው፣ ሳጥናቸውን ይዘው ወረዱ። በርጩማቸውን ግን እደጃፌ ትተውት ነው የሄዱት።